የአከራዬ ውሻ ልጅ ነከሰ፤ «ያወቀውን አይነካም» ይሉኛል (ኮምቦልቻ)

ባለፈረቃዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ለትምህርት ከገጠር የመጣ የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር አለ፤ 11 ዓመቱ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እኛ ሰፈር ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ጓሮውን በቆርቆሮ እየከፋፈለ ማከራየት ጀምሯል። የእኛም ግቢ እንደዚያው ነው። አምስት ተከራይ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ውሻ።

ውሻው ቡቺ ይባላል። የፈረንጅ ዲቃላ ነው ይላሉ። ቀን ቀን ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ካለ የባሕር ዛፍ ጋር ይታሰራል፤ ሰንሰለቱ ከሁለት ክንድ አይበልጥም። ዛፉ ዙሪያ ሣር የሚባል ነገር የለም፤ ሰንሰለቱ በዞረበት ልክ መሬቱ ክብ ሆኖ ተላልጧል፤ የዛፉም ቅርፊት ተበልቶ ነጩ እንጨት ይታያል። መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሰው ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ በጎኑ ነው የሚያልፈው። ነፍሰ ጡሯ ጎረቤታችን ሆዷ ሲገፋ በዚያ ማለፍ አቃታትና እስክትወልድ ድረስ ሌላ ግቢ እየሄደች ትጠቀም ነበር። ይህን የምጽፈው እንዳላጋነንሁ እንድታውቁልኝ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይፈታል። እኔ የከሰዓት ፈረቃ በምሠራበት ሳምንት ግቢው በር ላይ የምደርሰው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስልክ እደውላለሁ፤ ጋሼ፣ አከራዬን እንደዚህ ነው የምጠራቸው፣ በጋቢ ተጠቅልለው ይወጡና አንገቱን ይዘው «እለፊ፣ እለፊ፣ ፍርሃትሽን ነው የሚያሸተው» ይሉኛል። ላለመፍራት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ በትእዛዝ የሚሆን ነገር አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ማልደው ሲወጡ ሳያስሩት ሄዱ። ልጁ ፊቱን ሊታጠብ ጀሪካን ይዞ ወጣ። ጀሪካኑ ከእጁ ወድቆ ሲንኳኳ ውሻው ከጓሮ ተወርውሮ ባቱን ያዘው። ሁለት የጥርስ ቀዳዳ አለ፤ አንደኛው ጠልቋል፤ ከሥሩ ቆዳው ወደ ላይ ተሸርክቷል። ያስለቀቁልኝ ጎረቤቶች ናቸው፤ ልብስ የተዘፈዘፈበትን ሳፋ ከነውሃው ጣሉበት።

ጋሼ ሲመለሱ «ቡቺ ያወቀውን አይነካም፤ ልጁ አንድ ነገር አድርጎት ነው» አሉ። ክትባቱስ ስላቸው «ተከትቧል»። ካርዱስ ስላቸው «ውሻ ደግሞ ምን ካርድ አለው?» ባለቤታቸው እትዬ ግን ከልባቸው አዝነው ፌጦ በሎሚ ለውሰው አመጡልኝ። ጤና ተቋም ስንደርስ ቁስሉን አጥበው የቴታነስ መርፌ ወጉትና የእብድ ውሻ ክትባት ማለቁን፣ ደሴ መውጣት እንዳለብን ነገሩን። የመጓጓዣውንና የሕክምናውን ወጪ ማን ሊችል ነው ብዬ ብጠይቅ ጋሼ «ከፈለግሽ ውሻውን ውሰጂው» ብለው ሳቁ።

ውሻው ዛሬም ይበላል፣ ይጮኻል፣ ጤነኛ ይመስላል። ታዲያ ልጁ ክትባቱ የግድ ያስፈልገዋል? ወጪውን ማስከፈልስ እችላለሁ? ብከስ ደግሞ ዕቃዬን አውጥተው በር ላይ ቢያስቀምጡትስ? በዚህ ዋጋ ሌላ ቤት አላገኝም። «ሥጋ ላይ መርዝ አድርጊና ገላግይን» የሚሉኝ የግቢው ሰዎች አሉ። ይህን ግን አላደርገውም፤ ጥፋቱ የእንስሳው አይመስለኝም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ደሴ)፦

እህቴ፣ አብሽሪ። ነገር ግን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ነገ እሄዳለሁ እንዳትይ። እኔ የማክመው እንስሳ ነው፤ ሆኖም እዚህ ደሴ ውሻ የነከሰው ሰው ከሐኪሙ በፊት የሚደውለው ለእኛ ስለሆነ ጥያቄሽ አዲስ አይደለም።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ በሳምንት የደረሰበት፣ ዓመት የቆየበትም አለ። ክትባቱ የሚያድነው ቫይረሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው። ልጁ ውሃ መፍራት፣ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉ ስለደረቀ ወይም ልጁ ስለተጫወተ እንዳትዘናጊ።

ውሻው ጤነኛ ይመስላል ላልሽው ደግሞ፣ በበሽታው የተያዘ ውሻ በምራቁ ቫይረሱን ማውጣት የሚጀምረው ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ከነከሰበት ቀን ጀምሮ ለ10 ቀን ታስሮ እንዲታይ የሚደረገው ለዚህ ነው። 10 ቀኑን በጤና ከጨረሰ በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ የልጁን ክትባት ሊያቆምለት ይችላል። ክትባቱ ግን 10 ቀን ተጠብቆ አይጀመርም፤ ተጀምሮ ነው ውሻው የሚጠበቀው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሚያውቃቸው መርሐ ግብሮች አንዱ በመጀመሪያው ዕለት፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ ከዚያም ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ የሚወጋውም ክንድ ላይ ነው። ድሮ በሆድ ላይ ይሰጥ የነበረውን መርፌ ሰምቶ ልጁ ከፈራ ይህንን ንገሪው። ቁስሉ ጠልቆ ደም ከፈሰሰው፣ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒት ስላለ እርሱንም ጠይቂ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ «ምን አስቸኮለኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል፤ አትመለሺ።

ቁስል በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ መታጠብ አለበት። ብዙው ሰው ውሃ አፍስሶበት ይነሳል። ፌጦውን ተዪው። እትዬን ስለ ደግነታቸው አመስግኛቸው፤ ፌጦውን ግን ለሆድ ቁርጠት ያቆዩት።

ደግሞ ባለቤቱም ተከራዮቹም ይስሙኝ፤ ውሻውን አትግደሉት። ከገደላችሁት 10 ቀን የምንጠብቀው ነገር አይኖርም፤ የሚቀረው አንጎሉን ለላቦራቶሪ መላክ ብቻ ነው። እብድ ውሻ ሁልጊዜ የሚሮጥና የሚናከስም አይደለም። ጥግ ይዞ የሚተኛ፣ ታችኛው መንጋጋው የሚወድቅበት፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት የሚመስልም አለ። ባለቤቱ አጥንቱን ላውጣለት ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ቡቺ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ምግብ ከተወ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ ድንጋይና እንጨት መንከስ ካበዛ ማንም አይቅረበው፤ ለባለሙያ ይነገር።

ካርድን በተመለከተ፣ ውሻ ካርድ አለው። ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፣ በየዓመቱ ይደገምለታል፣ ቀኑና የክትባቱ ዓይነት ይጻፍለታል። ካርድ የሌለውን ውሻ እኔ እንዳልተከተበ ነው የምቆጥረው። ሁለት ክንድ ሰንሰለት ያልሽውን ሳነብ ደግሞ የቀረው ታሪክ ሳይነገረኝ ገብቶኛል። የፈራ እንስሳ ይሸሻል ወይም ይናከሳል፤ መሸሹን በሰንሰለት ከከለከልነው የቀረለት አንድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያልፍበት የዋለን ውሻ ማታ ፈትቶ «ያወቀውን አይነካም» ማለት ምን ማለት ነው? ያወቀው እኮ ሲያስፈራሩት የዋሉትን ሰዎች ነው።

ጦሳ ማዶ፦

ለልጁ እግዚአብሔር ይማረው። ግን ሁሉም በአንድ ወገን ሲፈርድ ዝም ማለት አልቻልሁም። እኔ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ቤቴ። ክረምት ሲገባ ጅብ ከተራራው ወርዶ አጥራችን ድረስ ይመጣል፤ በጎቼን ያተረፉልኝ ሁለት ውሾቼ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሌባ በበዛበት ጊዜ እኛ ሰፈር እንቅልፍ የተኛነው በውሻ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ሥራው ነው። ተከራይ ሲገባ ግቢው ውስጥ ውሻ እንዳለ አይቶ ነው የሚገባው፤ በሩ ላይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ልጅን መምከር፣ «ድንጋይ አትወርውር፣ ሲበላ አትጠጋው» ማለት የአሳዳጊ ፋንታ ነው። ሰውየው የለቀቁት ረስተው እንጂ ለክፋት አይደለም።

ባለፈረቃዋ፦

ወንድሜ፣ ጅቡንም ሌባውንም አልካድሁም። በጎችህን የጠበቁልህ ውሾች ግን በጎችህን አልበሉም። ልጁ ድንጋይ አልወረወረም፤ ጀሪካን ነው የወደቀበት። ማስታወቂያውንም አንብበን ነው የገባነው፤ ቢሆንም መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ የተስማማን ተከራዮች አይደለንም።

ለባለሙያው ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ በሌሊት ተነስተን ደሴ ወጥተናል፤ የመጀመሪያውን መርፌ ተወግቷል። ሕክምና ጋ ወረፋ ስንጠብቅ ከጎናችን የተቀመጡ እናት፣ ከወረኢሉ በኩል የመጡ ይመስለኛል፣ የልጃቸውን እጅ በነጠላ ጠቅልለው ይዘው «የማን ውሻ እንደሆነ እንኳን አናውቅም» አሉኝ። የእኛስ ባለቤቱ ይታወቃል፤ እሱን እያሰብሁ ተናደድሁ።

ጥቁር ካባ፦

ጠበቃ ነኝ፤ የሕጉን በኩል ልመልስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ግልጽ መልስ አለው። ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠው ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። ስለዚህ «ረስቼ ነው» ወይም «እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብሁም» የሚለው መልስ ሰውየውን ከዕዳው አያወጣውም። ቁጥር 2086ን ካነበባችሁም የእንስሳ ባለቤት «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ ነጻ እንደማይወጣ ታያላችሁ፤ የሚረዳው ጥፋቱ የተጎጂው መሆኑን ካስረዳ ነው። ጀሪካን መጣል ጥፋት ነው የሚል ዳኛ እስካሁን አልገጠመኝም። በር ላይ የተጻፈው ማስታወቂያም ለመንገደኛ ይረዳ ይሆናል፤ በዚያው ግቢ ኪራይ እየከፈለ ለሚኖር ሰው ግን ብዙ የሚፈይድ አይደለም።

አሁን ሰውየው እየሳቁ ወዳሉት ነገር ልምጣ። «ውሻውን ውሰጂው» ሲሉ ሳያውቁት የሕግ ክርክር ነክተዋል። በቁጥር 2074 መሠረት የቤት እንስሳ ጉዳት ሲያደርስ ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። ከብት አዝመራ ሲበላ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ በሬ ዋጋ አለው። ነገር ግን ይህ መንገድ የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ጥፋት ከሌለበት ነው። እዚህ ላይ ሰውየው በየምሽቱ ሰው በሚኖርበት ግቢ ውሻ ይፈታሉ፤ የዚያን ጠዋት ደግሞ ሳያስሩት ወጥተዋል። ጥፋቱ የእሳቸው ስለሆነ ቡቺን ሰጥተው አይገላገሉም። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 559ም ያስጠይቃል፤ ወደዚያ ሳትሄጂ ብትጨርሺው ግን እመርጣለሁ።

ሦስት ነገር አስቢ። ልጁ አካለ መጠን ስላልደረሰ በስሙ የሚከሱት ወላጆቹ ናቸው፤ አንቺ አክስቱ ነሽ፤ እናቱ ትምጣ ወይም ውክልና ትስጥሽ። የደሴውን መጓጓዣ ሳይቀር ደረሰኝ ያለውን በደረሰኝ፣ የሌለውን በቀኑ ጽፈሽ ያዢ፤ የሕክምና ማስረጃው ላይም «በውሻ ንክሻ» የሚል ቃል መኖሩን አረጋግጪ። የጊዜ ገደቡ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው (ቁጥር 2143)፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ክሰሺ ብሎ የሚያስቸኩልሽ ካለ አትስሚው፤ አስቸኳዩ መርፌው ነው። ዕቃ አውጥቶ መንገድ ላይ መጣልን በተመለከተ፣ አከራይ በገዛ እጁ ማስወጣት አይችልም፤ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት መሄድ አለበት።

የሆጤ ልጅ (እንግሊዝ አገር)፦

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሆጤ ነው፤ አሁን እንግሊዝ አገር እኖራለሁ። እዚህ አንድ ልጅ በውሻ ሲነከስ አገሩ ሁሉ ስለ ዝርያው ነው የሚያወራው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ሕግ ፒትቡልን ጨምሮ አራት ዓይነት ውሾች ተከለከሉ። ከዓመታት በኋላ ኤክስኤል ቡሊ የሚባል ግዙፍ ውሻ መጣ፤ ሰው መግደል ሲያበዛ እሱም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ በእንግሊዝና በዌልስ መያዝ ተከለከለ። ፈቃድ ያገኘው ሰው ውሻውን ማምከን፣ ከቆዳው ሥር መለያ ማስቀበር፣ የጉዳት መድን መግባት፣ ከቤት ሲያወጣውም አፉን ሸፍኖ በገመድ መያዝ አለበት። እኔ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመን የዝርያ ዝርዝሩ አይመስለኝም፤ አንዱ ሲከለከል ሌላው ይተካል። የሚጠቅመን ለማንኛውም ዝርያ የሚሠራው ክፍል ነው። ማንኛውም ውሻ፣ በባለቤቱ ግቢ ውስጥም ቢሆን፣ ከቁጥጥር ወጥቶ ሰው ካቆሰለ ባለቤቱ እስከ አምስት ዓመት፣ ሰው ከገደለ እስከ 14 ዓመት ይታሰራል። እዚህ «ውሻዬ ጨዋ ነው» የሚል ሰው ሞልቷል፤ ገመዱን ግን አይለቅም።

የቅሬው ጸሐፊ፦

ልጄ፣ እኔም የኮምቦልቻ ሰው ነኝ፤ የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ጠበቃው የተናገረው ትክክል ነው፤ ፍርድ ቤቱ የትም አይሄድም። አስቀድመሽ ግን ጉዳዩን ለቅሬያችሁ አቅርቢው። ሰውየው ፍርድ ቤት ቢረታ ገንዘብ ይከፍላል፤ በቅሬ ፊት ሲቆም ግን ነገ ለቅሶው ላይ የሚቀመጡለትን ሰዎች ፊት ነው የሚያየው። እኛ ሰፈር ሱብሒ ሰግደን ስንመለስ ውሻ እያባረረን ከርመን በመጨረሻ በስብሰባ ወሰንን። ውሻ ያለው ሰው ማታ የሚፈታው በታጠረ ቦታ ነው፣ የክትባት ካርዱን ያሳያል፣ ውሻው ያቆሰለውን ሰው ያሳክማል። እምቢ ያለውን ለአንድ ወር ከቅሬው አስወጣነው። አንድ ወር አልሞላም፤ ካርዱን ይዞ መጣ።

ሥጋ ላይ መርዝ አድርጊ የሚሉሽን አልሰማም ማለትሽ ደስ ብሎኛል። ያንን መርዝ የጎረቤት ድመት ይበላዋል፣ አሞራ ያነሳዋል፣ ልጅም ሊያገኘው ይችላል። ውሻ ለጥበቃ ማሳደግ በእኛም ሃይማኖት የተፈቀደ ነው፤ አስሮ ማስራብና ሰው ላይ መልቀቅ ግን በማንም ሃይማኖት አልተፈቀደም።

ባለፈረቃዋ፦

ጋሼ ጸሐፊ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። የቅሬያችን ሰብሳቢና ሁለት ሽማግሌዎች ትናንት መጡ። ጋሼ መጀመሪያ «ቡቺ ያወቀውን…» ብለው ሲጀምሩ ነፍሰ ጡር የነበረችው ጎረቤታችን ልጇን ታቅፋ ወጣችና የሆነባትን ሁሉ ነገረቻቸው፤ እኔ አንድ ቃል መጨመር አላስፈለገኝም። የሕክምናውንና የመጓጓዣውን ወጪ ሊከፍሉ ተስማሙ፤ ግማሹን ወዲያው ሰጡኝ፣ ተፈራርመናል። ውሻው ከመጸዳጃ ቤቱ ርቆ ወደ ጓሮ ሄዷል፤ ሽቦ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ ሰንሰለቱ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎለታል። ለክትባትም ወስደው ካርድ አወጡለት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም ጮኸ። 10 ቀኑ እስኪሞላ ሰባተኛ ቀኑ ላይ ነን፤ ይበላል። ልጁ ሁለተኛውን መርፌ ዛሬ ተወግቷል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ዛሬ ማታ እትዬ መጥተው «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ኪራይ 500 ብር ጨምሯል» አሉኝ። የሌሎቹ ተከራዮች አልጨመረም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ደሴ)፦

እህቴ፣ ውሻው በስንተኛው ቀን ነው የተከተበው? ለማንኛውም መከተቡ የ10 ቀኑን ክትትል አያስቀረውም፤ እስኪሞላ ድረስ ልጁ መርፌውን በራሱ እንዳያቋርጥ፤ የሚያቆመው ሐኪሙ ነው። ሽቦው ጥሩ ሥራ ነው፤ ጥላና ውሃ በሚደርስበት በኩል መሆኑን ብቻ እዩለት።

ጥቁር ካባ፦

የተፈራረማችሁበትን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ አንዱን ለቅሬው ስጪ። የኪራዩን ነገር ደግሞ በሌላ ርዕስ ክፈቺው፤ የኪራይ ውላችሁ በጽሑፍ መሆን አለመሆኑንና ጭማሪው የተነገረሽ በቃል ብቻ እንደሆነ ጨምረሽ ጻፊ፤ እዚያ እመልስልሻለሁ።